እውነት ወይስ ተረት? «እብደት መድኃኒት የለውም»

ባሕር ዳር፣ ዓባይ ማዶ፣ ከአስፋልቱ ዳር ጀበና ቡና ከምትሸጥ ሴት ዘንድ ተቀምጬ ነበር። በባዶ እግሩ የሚሄድ አንድ ጎልማሳ መንገዱ መሐል ቆሞ ባጃጆችን ያስተናብራል፤ አንዱን «ቁም!» ሌላውን «እለፍ!» ይላል። አጠገቤ የነበሩ አዛውንት ስኒያቸውን አስቀምጠው «ምን የመሰለ አናጢ ነበር፤ በቃ፣ ለየለት» አሉ። ሌላው ቀበል አድርጎ «ምን ይደረግ፣ እብደት መድኃኒት የለው!» አለ። ሁላችንም ከንፈራችንን መጠጥን። ቡና ቀጂዋ ብቻ አቀርቅራ ከሰሏን ታራግባለች።

ሴትየዋን አውቃታለሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለእሷም «ለየላት» ተብሎ ከንፈር ተመጦላታል። ማንም የማይሰማው ድምፅ «ጎረቤትሽ ሊመርዝሽ ነው» እያለ ያስፈራራት፣ ሌሊት ከቤት እያስወጣ ወደ ወንዙ ይነዳት ነበር። ዛሬ ግን ማታ ማታ አንዲት ክኒን ውጣ ትተኛለች፤ ጠዋት ተነስታ ቡናዋን ትቆላለች። ክኒኑ የሚቀመጠው በበርበሬ ጣሳ ውስጥ፣ በፌስታል ተጠቅልሎ ነው። ለምን እዚያ እንደሆነ ብጠይቃት «ወንድም ዓለም፣ በርበሬ ጣሳ ውስጥ እጁን የሚከት እንግዳ የለም» አለችኝ።

እንግዲህ ጎረቤቴ፣ ነገሬ ከዚህ ይነሳል። በዚያች ጠዋት ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ ያልታከመው አደባባይ ላይ ቆሟል፣ የታከመችው ጣሳዋን ደብቃ ቡና ትቀዳልናለች። እኛ አንዱን አይተን ለሁለቱም ፈረድን። «እብደት መድኃኒት የለውም» የሚለው ተረት ዕድሜው የረዘመው እንዲህ ነው፤ ያልዳነውን ሁሉም ያየዋል፣ የዳነውን ማንም አይቆጥረውም። ተረቱ ደግሞ ልጆች አሉት። አንድ በአንድ እንያቸው።

«መንፈስ ያለበትን ሰው መርፌ እንዳታስወጉት፣ ይሞታል!» ይባላል። መንፈሱ ዛር ይሁን ቡዳ፣ ዓይነ ጥላ ይሁን መተት፣ ስሙ እንደየቤቱ ይለያያል፤ ማስጠንቀቂያው ግን አንድ ነው። ይህን የሚሉ ሰዎች ዝም ብለው አልፈጠሩትም፤ ያዩት ነገር አለ። አንድ ወጣት እየጮኸ እየታገለ፣ በገመድ ታስሮ ሆስፒታል ይደርሳል። እንደ ሃሎፔሪዶል ያለ መርፌ ይወጋል። ትንሽ ቆይቶ ወይም በማግሥቱ አንገቱ ወደ አንድ ጎን ይጠመዘዛል፣ ዓይኑ ወደ ላይ ይሰቀላል፣ ምላሱ ይተሳሰራል። እናት ይህን ስታይ «መንፈሱ ተቆጣ!» ብላ ልጇን ይዛ ብትጠፋ ማን ይፈርድባታል? እውነቱ ግን ይህ ሐኪሞች በደንብ የሚያውቁት የመድኃኒቱ የጎንዮሽ ጉዳት ነው። ጡንቻ በድንገት ሲኮማተር የሚመጣ ነው፤ በተለይ ወጣት ወንዶች ላይ ይበዛል። ማርከሻ መርፌ ሲሰጥ በአብዛኛው በደቂቃዎች ውስጥ ይለቃል፤ ሐኪሙም መጠኑን ይቀንሳል ወይም መድኃኒቱን ይለውጣል። እዚህ ላይ ጥፋቱን በቤተሰብ ላይ ብቻ መጫን አይገባም። «አንገቱ ሊጠመዘዝ ይችላል፤ ከሆነ አትደንግጡ፣ ቶሎ አምጡት» የምትል አንዲት ቃል ከሐኪሙ አፍ ብትወጣ ኖሮ ስንቱ ሕክምናውን ባላቋረጠ! እንግዲህ እርስዎ ከሐኪሙ ባይሰሟትም ከእኔ ሰምተዋታል።

«ጸበል የጀመረ ሰው መድኃኒት አይወስድም» የሚለው ከሁሉም የከበደው ነው፤ ከእምነት ጋር ተቋጥሯልና። በጣና ዳርና በጎጃም ምድር ሰው አእምሮው ሲታወክ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ጸበል ነው፤ እስከ ግሽ ዓባይ ተጉዞ የሚጠመቀው ስንቱ ነው። እዚያ የሚያገኘውም ትንሽ ነገር አይደለም፤ የሚጸልይለት ካህን፣ እንደ እሱ የታመመ ጓደኛ፣ ከሐሜት መሸሸጊያ፣ ከሁሉም በላይ ተስፋ ያገኛል። ይህን የሚያጣጥል ሐኪም ሕመምተኛውን ያጣል። ነገር ግን «ወይ ይህን ወይ ያን» ያለው ማን ነው? የኤች አይ ቪ መድኃኒት በመጣ ጊዜም ብዙዎች ክኒናቸውን ጥለው ጸበል ገብተው ነበር። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ራሳቸው ጸበሉም መድኃኒቱም ከእግዚአብሔር የተሰጡ እንደሆኑና እንደማይቃረኑ በግልጽ አስተማሩ። ቤተ ክርስቲያን ከቅዱሳት መጻሕፍት የምትቆጥረው መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 ሐኪምን ስለማክበር ይናገራል፤ ወንጌላዊው ሉቃስም ሐኪም ነበር። በአዲስ አበባ የጸበል አጥማቂዎችና የአእምሮ ሐኪሞች ተባብረው ሕሙማንን የረዱበት ሥራም አለ።

ታዲያ ተረቱ ለምን አይሞትም? አንደኛው ምክንያት የሕመሙ ጠባይ ነው። አንዳንዱ የአእምሮ ሕመም ይመጣል ይሄዳል፤ ለምሳሌ ባይፖላር በሚባለው ሕመም የግለቱ ወቅት ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ በራሱ ሊበርድ ይችላል። ጸበል ላይ ሳለ ቢበርድለት «ዳነ» ይባላል። ሲመለስበት ግን «እምነቱ ጎደለ» ይባላል እንጂ «መድኃኒቱን አቁሞ ነው» የሚል የለም። ሁለተኛው ምክንያት ባዶ ሆድ ነው፤ ጸበል እህል ሳይቀመስ ይጠጣል፣ ክኒን ደግሞ ጠዋት የሚዋጥ ይመስለናል። ብዙዎቹ የአእምሮ ሕመም መድኃኒቶች ግን ማታ ከመኝታ በፊት ሊወሰዱ ይችላሉ። ሐኪምዎን «ጸበል እጠጣለሁ፣ እጾማለሁ» ብለው በግልጽ ይንገሩት፤ ሰዓቱን ያስተካክልልዎታል። በተለይ ሊትየም የሚባለውን መድኃኒት የሚወስድ ሰው ውሃ ሳይጠጣ መዋሉ መድኃኒቱን በደም ውስጥ ከልክ በላይ ሊያደርሰው ስለሚችል ይህን ሳይነግሩ መጾም አይገባም።

«ትምህርት በዛበት» ወይም «አብሾ ጠጥቶ ነው» ይባላል። ይህ በተለይ የእኛው አገር ተረት ነው፤ የቆሎ ተማሪ በሞላበት ምድር እንዴት አይሆን! አብሾ አስተናግር ከሚባለው ተክል የሚዘጋጅ መጠጥ ሲሆን፣ ለጠጣው ቅኔውን እንደ ጎርፍ ያወርድለታል፣ ካልቻለው ደግሞ ያሳብደዋል ይባላል። የመጀመሪያው ግማሽ የተገላቢጦሽ ነው። አስተናግር በውስጡ ስኮፖላሚንና አትሮፒን የሚባሉ መርዞች አሉት፤ ተመራማሪዎች የሰውን የማስታወስ ችሎታ ለጊዜው አዳክመው ለማጥናት የሚጠቀሙት ይኸንኑ ስኮፖላሚን ነው። የሌለ ነገር ማሳየቱና ማስቀባዠሩ ግን እውነት ነው፤ ሊገድልም ይችላል። ሆኖም መርዙ ያመጣው መቃዠት በአብዛኛው በሰዓታት፣ ቢበዛ በቀናት የሚያልፍ ነው። ወራትና ዓመታት ለቆየ ሕመም ሌላ ምክንያት መፈለግ አለበት።

ያ ምክንያት ለምን ተማሪ ቤት ደጃፍ ላይ የሚያደባ መሰለን? መልሱ ዕድሜ ነው። እንደ ስኪዞፍሬንያ ያሉ ከባድ ሕመሞች አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምሩት ከአፍላ ጉርምስና ማብቂያ እስከ ሠላሳዎቹ መግቢያ ባለው ጊዜ ነው። የቅኔ ተማሪውም የዩኒቨርሲቲ ተማሪውም በዚያው ዕድሜ ላይ ናቸው። ደግሞም ሕመሙ ከመፈንዳቱ በፊት ልጁ ከሰው ይርቃል፣ እንቅልፍ ያጣል፣ ሌሊቱን መጽሐፍ ላይ አፍጥጦ ያድራል። ቤተሰቡ ይህን አይቶ «ንባቡ ነው ያሳበደው» ይላል፤ እንቅልፍ ማጣቱና ማፍጠጡ ግን ሕመሙ እየገባ የነበረበት በር ነው። በሩ ላይ ብንይዘው ኖሮ ሕክምናው ይቀል ነበር።

«እብድ ብርድ አይመታውም፣ በሽታም አይዘውም» ሲባልስ አልሰሙም? ዝናብ ላይ ተኝቶ አድሮ ጠዋት ሲስቅ እናያለን፣ እንገረማለን። ይህን የሚያፈርስ ማስረጃ የመጣው ከውጭ አገር አይደለም፤ ከቡታጅራ ነው። እዚያ የአገራችን የአእምሮ ሐኪሞች በ1990ዎቹ መጀመሪያ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 የሆኑ ከ68,000 በላይ ሰዎችን ቤት ለቤት መረመሩ። ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን 919 ሰዎች ደግሞ ለ10 ዓመት ተከታተሉ። በዚያ ጊዜ 121ዱ ሞቱ። በአማካይ ሲሰላ ከሌላው ሰው ሦስት አሥርት ዓመታት ያህል ቀድመው ነው ያለፉት፤ ግማሽ ያህሉን የገደላቸውም ተላላፊ በሽታ ነው። ብርዱም ረሃቡም የሳንባ በሽታውም ይመታቸዋል ማለት ነው። እኛ ግን መንገድ ላይ የምናየው በሕይወት ያለውን ነው፤ አንድ ጠዋት ከቦታው ሲጠፋ «ወዴት ሄደ?» ብሎ የሚጠይቅ የለም።

«አደገኛ ነው፣ መታሰር አለበት» ይባላል። እውነት ነው፣ ያልታከመ ሰው በፍርሃት ተነድቶ የሚማታበት ጊዜ አለ፤ አንድ ድንጋይ ሲወረውርም ሰፈሩ ለዓመታት ያወራዋል። ከሕመምተኞቹ አብዛኞቹ ግን ማንንም አይነኩም፤ ይልቁንም የሚደበደቡት፣ የሚዘረፉት፣ ሴቶቹም የሚደፈሩት እነሱ ናቸው። ያንን የሚያወራው የለም። በየጓሮው ሕሙማን በሰንሰለት የታሰሩበት ምክንያት ጭካኔ ነው ብዬ አልፈርድም፤ እናት ልጇ ወንዝ እንዳይገባባት አቅሟ የፈቀደው ብረት ነው። ብረቱን ማውለቅ የሚቻለው ግን በሕክምና ነው።

«ከተሻለው በኋላ መድኃኒቱ ምን ያደርግለታል? ያደነዝዘዋል፣ ሱስ ይሆንበታል» ይባላል። መድኃኒቱ አንዳንዱን እንቅልፍ እንቅልፍ ማሰኘቱና ማወፈሩ እውነት ነው፤ መጠኑን ወይም ዓይነቱን በመለወጥ ይቃለላል። የስኪዞፍሬንያና የድባቴ መድኃኒቶች ግን እንደ አረቄ የሚናፈቁ ሱሶች አይደሉም። ተረቱን የሚያቆየው የጊዜ ርቀት ነው፤ ክኒኑን ዛሬ ያቆመ ሰው ነገ አይታመምም። ሳምንታት ያልፋሉ፣ አንዳንዴም ወራት፤ «ያለሱም ደህና ነኝ» ይላል። ሲያገረሽበት ደግሞ ክኒን ማቆሙን ሁሉም ረስቶታል። የደም ግፊትና የስኳር ሕመምተኛ «ተሽሎኛል» ብሎ ቢያቆም እንቆጣዋለን አይደል? ሁሉም ሰው ዕድሜ ልኩን ይውሰድ ማለቴ አይደለም፤ ድባቴ የያዘው ብዙ ሰው በጊዜው አቁሞ ደህና ይኖራል። መቼና እንዴት እንደሚቆም የሚወሰነው ግን ከሐኪሙ ጋር ተመካክሮ ነው። በየቀኑ መዋጥ ለሚረሳም በወር አንዴ የሚሰጥ መርፌ አለ።

«አማኑኤል ካልገባ አይሆንም» የሚለው አንድ ጊዜ እውነት ነበር ማለት ይቻላል። አዲስ አበባ የሚገኘው አማኑኤል ለአሥርት ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል ነበር፤ ስሙ ራሱ ስድብ እስኪሆን ድረስ። በ1995 ዓ.ም. አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአእምሮ ስፔሻሊስት ሐኪሞችን ማሠልጠን ሲጀምር በመላ አገሪቱ የነበሩት 11 ብቻ ነበሩ። ዛሬ ግን እዚሁ ባሕር ዳር የፈለገ ሕይወትና የጥበበ ግዮን ሆስፒታሎች የአእምሮ ሕክምና ይሰጣሉ። በጉራጌ አካባቢ ተሠርቶ በ2014 ዓ.ም. የታተመ ጥናት ደግሞ የሠለጠኑ የጤና ጣቢያ ባለሙያዎች ለከባድ የአእምሮ ሕመም የሚሰጡት ክትትል የአእምሮ ሕክምና ነርሶች ከሚሰጡት እንደማያንስ አሳይቷል። መንገዱ አጥሯል፤ ከዓባይ ማዶ ድልድዩን ተሻግሮ ፈለገ ሕይወት መድረስ ለባጃጅ ምንም አይደለም። ያቺ ቡና ቀጂ ግን ድልድዩን ለመሻገር ሁለት ዓመት ፈጅቶባታል። «ሐኪም ቤት ከታየች ስሟ ይጠፋል፣ የእህቶቿም ትዳር ይበላሻል» ተብሎ ነበር።

አዩ፣ እዚህ ጋር ነው ተረቱ ራሱን በራሱ የሚያረባው። የዳነ ሰው ይሰድቡኛል ብሎ ይደበቃል፤ ስለተደበቀ ማንም አይድንም ብለን እናምናለን፤ ስላመንን የታመመውን አንወስደውም፤ ያልወሰድነው አደባባይ ላይ ቆሞ ባጃጅ ያስተናብራል። አባቶች «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ብለዋል። እኔ ደግሞ አንድ ልጨምር፤ የዳነውን የሚያስደብቅ ሰፈርም ለታመመው መድኃኒት የለውም።

ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ «ለየለት» ሲባል ሲሰሙ፣ ከንፈርዎን ከመምጠጥዎ በፊት «ሐኪም አይቶታል?» ብለው ይጠይቁ። ይህችን ጽሑፍ ላሳትም ስነሳ ለቡና ቀጂዋ አነበብኩላት። ስለ አንገት መጠምዘዙ «እኔንም እንዲሁ አድርጎኝ ነበር፣ በደንብ ጻፈው» አለች። ስለ በርበሬ ጣሳው ስትሰማ ሳቀች፤ «ተወው፣ ይግባ፤ ጣሳ የሌለው ቤት የለም» አለች። ስሟን ልጨምረው እንደሆነ ስጠይቃት ግን ስኒዎቹን ማጠብ ጀመረች።