የመንግሥት ሠራተኛ ላደረሰው ጉዳት ካሣ የሚጠየቀው በሁለት ዓመት ውስጥ ነው

የመስኖ ቦይ በወቅቱ ሳይጠረግ ቀርቶ ውሃው የደረሰ ጤፍ ቢያጥለቀልቅ፣ ወይም በስህተት የተሰጠ መድኃኒት የአንድ መንደር ከብት ቢፈጅ፣ ገበሬው አብዛኛውን ጊዜ «ከመንግሥት ጋር ማን ይሟገታል» ብሎ አንገቱን ደፍቶ ይቀራል። ይሁን እንጂ ከመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2126 የመንግሥት ሠራተኛ በሥራው ላይ ባጠፋው ጥፋት የተጎዳ ሰው ከሠራተኛው በተጨማሪ መንግሥትንም ካሣ መጠየቅ እንዲችል ፈቅዶለታል። መንግሥት የከፈለውን ከአጥፊው ማስመለስ ይችላል፤ ይህ ግን የሁለቱ ጉዳይ ነው።

የቀበሌና የገበሬዎች ማኅበራት መሪዎች ሊያውቁት የሚገባ አንድ ልዩነት አለ። ሠራተኛው ሥልጣኑን ሳያልፍ ለመንግሥት ጥቅም የሠራ መስሎት በቅን ልቦና ካጠፋ ጥፋቱ የሥራ ጥፋት ይባላል፤ መንግሥትም ይጠየቅበታል። ማዳበሪያ ከአመድ ጋር ቀላቅሎ በመሸጥ ኪሱን የሞላ የመጋዘን ሠራተኛ ግን ያጠፋው የግል ጥፋት ስለሆነ ተጠያቂው እሱ ብቻ ነው። ተቃራኒው እስካልተረጋገጠ ድረስ ሠራተኛው በቅን ልቦና እንደሠራ ይገመታል። ይህ ግምት ለሠራተኛው ብቻ የሚያደላ ይመስላል እንጂ ለገበሬውም ይጠቅመዋል፤ መክፈል የሚችለው መንግሥት ከተጠያቂነት በቀላሉ እንዳያመልጥ ያደርጋልና።

መሬት ለልማት ሲወሰድ የሚከፈለው ካሣ ከዚህ የተለየ ነው። እሱ ማንም ሳያጠፋ የሚከፈል ሲሆን በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 ይመራል።

ብዙ ሰው መብቱን የሚያጣው በጊዜ ምክንያት ነው። በቁጥር 2143 መሠረት ክሱ ጉዳቱ ከደረሰበት ቀን አንሥቶ በሁለት ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት። ድርጊቱ ወንጀል ሆኖ የወንጀል ሕጉ ረዘም ያለ ጊዜ ከሰጠው በዚያው ይታሰባል። የሚቆጠረው መሥሪያ ቤቱ መልስ ከሰጠበት ቀን ሳይሆን ጉዳቱ ከደረሰበት ቀን መሆኑን ልብ ይሏል። «ነገ ተመለስ» እየተባለ በወረዳና በዞን መካከል ሁለት ክረምት የተመላለሰ ገበሬ አቤቱታ አቀረበ እንጂ አልከሰሰም። በአዋጅ ቁጥር 211/1992 የተቋቋመው የዕንባ ጠባቂ ተቋምም አቤቱታ መርምሮ የመፍትሔ ሐሳብ ያቀርባል እንጂ እንደ ፍርድ ቤት አይፈርድም። ስለዚህ በአንድ በኩል እየተነጋገሩ በሌላ በኩል ቀኑን መቁጠር ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ችግር ማስረጃ ነው። የጉዳቱን መጠንና ተጠያቂ የሚያደርገውን ሁኔታ ማስረዳት ያለበት ተጎጂው ነው። ውሃው ከሸሸ፣ ከብቱም ከተቀበረ በኋላ ምን ያህል እንደጠፋ የሚያሳይ ነገር አይገኝም። በመሆኑም መሪዎች በዚያው ቀን ሽማግሌዎችንና የልማት ሠራተኛውን ይዘው ቦታው ላይ መድረስ ይኖርባቸዋል። ስንት ጥማድ እንደጠፋ፣ ሰብሉ ምን ደረጃ ላይ እንደነበረ፣ ማሳው ባለፈው ዓመት ስንት ኩንታል እንደሰጠ፣ የዕለቱ የገበያ ዋጋ ስንት እንደሆነ፣ ቦዩን የመጠበቅ ኃላፊነት የየትኛው መሥሪያ ቤት እንደሆነ በቃለ ጉባኤ ይጻፍ። መድኃኒት ከሆነ ዕቃውና ደረሰኙ አይጣሉ። ቃለ ጉባኤው ተፈርሞና ማኅተም ተደርጎበት አንዱ ቅጂ ለባለጉዳዩ፣ አንዱ ለቀበሌው መዝገብ፣ አንዱ ደግሞ የገቢ ቁጥር ተሰጥቶት ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት ይድረስ።