ከፈንጂ አደጋ የሚጠብቀውን ትምህርት የሚመሩ ሰዎች ስለሚሠለጥኑበት ሁኔታ

ጦርነት ሲያልፍ መንገድ ይከፈታል፤ ገበያ ይቆማል፤ የጭነት መኪናም እንደ ቀድሞው ይመላለሳል። ነገር ግን በምድር ውስጥ የተቀበረው ፈንጂና ሳይፈነዳ የቀረው የመድፍ ጥይት ጦሩ ሲነሣ አብሮ አይነሣም። ሀገራችን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በጣሊያን ወረራ፥ በ1969ና በ1970 ዓ.ም. በምሥራቅ ከሶማልያ ጋር በተደረገው ጦርነት፥ ከ1990 እስከ 1992 ዓ.ም. በኤርትራ ድንበር፥ ደግሞም ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ በሰሜን ተደርጎ ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ በተፈረመው ስምምነት በቆመው ጦርነት ይህን የመሰለ ክፉ ቅርስ ተቀብላለች። ፈንጂን ማጽዳት ብዙ ዓመትና ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ ሥራ ስለ ሆነ፥ እስኪጸዳ ድረስ ሰው ራሱን እንዲጠብቅ ማስተማር የግድ ነው።

ይህ ነገር የመንግሥትና የእርዳታ ድርጅቶች ጉዳይ ብቻ መስሎ የሚታየው ነጋዴ ይኖር ይሆናል። ሆኖም ሾፌሩ ለሌላ መኪና ለማሳለፍ ከመንገድ ወጣ ሲል፥ ሠራተኛው ለመጋዘን መሠረት ሲቆፍር፥ የብረት ነጋዴውም በሚዛኑ ላይ ምን እንደ ተጫነ ሳያይ ሲገዛ፥ አደጋው ወደ ንግዱ ቤት ገብቷል ማለት ነው።

ትምህርቱ በየአገሩ የሚሰጠው በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በኩል በወጡት ዓለም አቀፍ የፈንጂ ሥራ ደረጃዎች መሠረት ሲሆን፥ ይህን ትምህርት የሚመለከተው ደረጃ ቁጥር 12.10 ነው። በዚህ ደረጃ መሠረት የትምህርቱ ዓላማ ዕውቀት ማካፈል ብቻ ሳይሆን የሰውን አድራጎት መለወጥ ነው። ከዚህም የተነሣ ትምህርቱን የሚሰጠው ሰው ሌላ፥ ሥራውን የሚመራው ሰው ሌላ ነው። መልካም አንደበት ያለው መምህር ያለ በቂ መሪ ቢሠማራ፥ አደጋው በሌለበት ሰፈር ሲያስተምር አደጋው ያለበትን መንደር ሊያልፈው ይችላል። ስለዚህ መሪው የሚከተሉትን አምስት ነገሮች መማር ይገባዋል።

አንደኛ፥ ከማስተማር በፊት ማጥናት ነው። የተጎዳው ማን ነው? በየት፥ በምን ወራት፥ ምንስ ሲሠራ ተጎዳ? ይህን የሚያጠና ሰው ለአደጋ የሚጋለጡትን በአምስት ወገን ይለያቸዋል፤ አደጋው መኖሩን ጨርሶ የማያውቅ፤ መኖሩን ሰምቶ መጠበቂያውን ያልተረዳ፤ የዛገ ፈንጂ አይፈነዳም እንደሚለው ያለ የተሳሳተ ወሬ የያዘ፤ እያወቀ የሚዳፈር፤ እያወቀ ችግር የሚያስገድደው። ለእነዚህ ሁሉ አንድ ዐይነት ስብከት አይበቃም።

ሁለተኛ፥ ቃሉን ለኑሮው ማስማማት ነው። ዋናው ትምህርት አጭር ነው፤ ያላወቅኸውን ነገር አትንካ፥ አትቅረብ፥ በመጣህበት መንገድ ተመለስ፥ ለሚመለከተው ክፍል አመልክት። ነገር ግን ሌላ እርሻ ለሌለው ገበሬ እርሻህን ተው ማለት ብቻውን ምክር አይሆንም። የተዘጋጀው ሥዕልና ጽሑፍም ከመታተሙ በፊት ለጥቂት የመንደሩ ሰዎች ታይቶ፥ ምን እንደ ተረዱ መጠየቅ አለበት።

ሦስተኛ፥ መንገዱን መምረጥ ነው። ከብት ጠባቂ ልጅ በትምህርት ቤት አይገኝም፤ ውሃ የምትቀዳ ሴትም በወንዶች ስብሰባ ላይ ላትገኝ ትችላለች። ሬዲዮ፥ የገበያ ቀን፥ የሃይማኖት አባቶችና የአገር ሽማግሌዎች እያንዳንዳቸው የሚደርሱበት ሰው አለ። እውነተኛ ጥይት ግን ባዶ ነው ቢባል እንኳ ለማስተማሪያ መያዝ አይገባም፤ መምህሩ ሲይዘው ያየ ልጅ፥ የሚያዝ ነገር ነው ብሎ ይማራልና።

አራተኛ፥ ጥቆማ የሚቀበለውን ክፍል አስቀድሞ ማዘጋጀት ነው። ሕዝቡ አመልክት ተብሎ ካመለከተ በኋላ የሚመጣለት ካጣ፥ በሚቀጥለው ጊዜ በገዛ እጁ ሊያነሣው ይነሣል።

አምስተኛ፥ ውጤቱን መመዘን ነው። በዚህ ላይ የሒሳብ መዝገብ የሚይዝ ሰው በቶሎ ይግባባል። የታተመው ወረቀትና የተሰበሰበው ሕዝብ ብዛት በወጪ በኩል የሚጻፍ ነው፤ በገቢ በኩል የሚጻፈው ሰው ከትምህርቱ በኋላ የለወጠው አድራጎት ነው።

ከሁሉ ይልቅ እኛን የሚመለከተው የቍርጥራጭ ብረት ንግድ ነው። ልጁ ከሜዳ ያነሣዋል፤ ቆራሌው ይገዛዋል፤ ከእርሱም እንደ ምናለሽ ተራ ወዳለው ገበያ ይደርሳል፤ በመጨረሻም ወደ ማቅለጫ ፋብሪካ ይሄዳል። አንድ ያልፈነዳ ጥይት በዚህ መስመር ቢገባ፥ ከልጁ እጅ እስከ ማቅለጫው እሳት ድረስ ያለውን ሁሉ ያሰጋል። ልጁን ወደ ሜዳው የሚጠራው ደግሞ ገዢ መኖሩ ነው። እንግዲህ የጦር መሣሪያ ብረት አንገዛም ማለት መልካም ጅምር ነው፤ ግን ልጁን ከነሸክሙ መልሶ መስደድ አደጋውን ከሚዛኑ ወደ መንገዱ ማዛወር ብቻ ነው። የሠለጠነ መሪ ያለው ቤት አስቀድሞ የሚያደርገውን ያውቃል፤ ዕቃውን ማንም እንዳይነካው፥ ሰው ሁሉ እንዲርቅ፥ ሌላም እንዳይቀርብ የሚያስጠነቅቅ ሰው ከሩቅ እንዲቆም፥ ለፖሊስም ወዲያውኑ እንዲነገር ያዛል። ልጁንም አይቀጣውም፤ የተቀጣ ልጅ በሚቀጥለው ጊዜ ደብቆ ይይዛልና።

ስለዚህ በእነዚህ አገሮች የሚነግዱ የምክር ቤታችን አባላት ሦስት ነገር ቢያደርጉ ይጠቅማል። ከአሠሪዎቻቸው ወይም ከሾፌር አለቆቻቸው አንድ አስተዋይ ሰው መርጠው ሥልጠናውን እንዲካፈል ይላኩ፤ መኪና ከመነሣቱ በፊት የመንገዱን ሁኔታ ከአካባቢው አስተዳደር የሚጠይቅ ሰው ይመድቡ፤ በግዢ ቦታቸውም የማይገዛው ዕቃ ምን እንደ ሆነና ጥቆማ የሚቀበለው ማን እንደ ሆነ በአገሩ ቋንቋና በሥዕል ይለጥፉ። የሦስቱ ወጪ ከአንድ ጭነት ኪራይ የሚበልጥ አይመስልም፤ የሚጠብቀው ግን የሠራተኛን ነፍስና የልጅን እጅ ነው።