የማይደርቀው ዘይት፦ የቱያ እባጭና የቢላዋ እጀታ አጨራረስ



በእጄ የያዝሁት ቢላዋ እጀታው ከሞሮኮ የቱያ ዛፍ የተሠራ ነው። ከዓመታት በፊት አለስልሼ ስጨርስ ሦስት ጊዜ የተልባ ዘይት ቀባሁት። ሦስት ሳምንት ጠበቅሁ፤ ጣቴን ሳሳርፍበት ግን አሁንም ይጣበቅ ነበር። አራተኛ ቅብ ጨመርሁ፤ ይባስ ብሎ አቧራ መሰብሰብ ጀመረ። የዛሬው ንግግሬ የዚያን ስሕተት ምክንያት ለማስረዳት ነው።

ቱያ፣ በሳይንሳዊ ስሙ ቴትራክሊኒስ አርቲኩላታ፣ ከእኛው ጥድ ጋር በአንድ ቤተሰብ የሚመደብ የሰሜን አፍሪካ ዛፍ ነው። ለእጀታ የሚፈለገው ግንዱ አይደለም፤ ከአፈር በታች፣ ግንዱ ከሥሩ በሚገናኝበት ስፍራ የሚያብጠው ክፍል ነው። ዛፉ በእሳት ወይም በመጥረቢያ ሲጎዳ ዳግም የሚያቆጠቁጠው በዚህ እባጭ ውስጥ ካንቀላፉት እምቡጦች ነው። እንጨቱ ሲለሰልስ የምናያቸው ትንንሽ ዓይኖች የእነዚሁ እምቡጦች አሻራ ናቸው። ስለዚህ እባጩን የነቀለ ሰው ዛፉን ከነተስፋው ነቅሎታል። የጥንት ሮማውያን ይህን እንጨት እጅግ ይመኙት ነበር፤ ሽማግሌው ፕሊኒ እንደ ጻፈው ሲሴሮ ለአንድ ጠረጴዛ 500,000 ሴስተርስ ከፍሏል። ዛሬም በኤሳዊራ ከተማ ባለሙያዎች ሣጥንና ጌጣጌጥ ይሠሩበታል። እንዲህ ባለ መንገድ የተገኘን እንጨት በቸልታ ማበላሸት ለእኔ ቀላል ነገር አይደለም።

ብዙ ሠራተኞች «ዘይት ዘይትን አይቀበልም» ይላሉ፤ እኔም ለረጅም ጊዜ ይህን አምን ነበር። ምክንያቱ ግን ሌላ ነው። የተልባ ዘይት «ደረቀ» ስንል እንደ ውኃ ተነነ ማለታችን አይደለም። ከአየር ኦክስጅን ይወስድና፣ ሞለኪውሎቹ በነጻ ራዲካሎች አማካይነት እርስ በርስ እየተሳሰሩ ይጠነክራሉ። በቱያ ውስጥ ደግሞ ፌኖል የሚባሉ ውህዶች አሉ፤ አንዱ በጦስኝ ውስጥም የሚገኘው ቲሞል ነው። ፌኖል የሃይድሮጅን አቶሙን ለራዲካሉ አሳልፎ ይሰጥና የትስስሩን ሂደት ያቋርጠዋል። የምግብ ዘይት ቶሎ እንዳይበላሽ የሚጨመሩ ጸረ ኦክሲዳንቶች ሥራቸው ይኸው ነው። እንግዲህ እኔ አራተኛውን ቅብ ስጨምር፣ እንዳይደርቅ በተከለከለ ዘይት ላይ ሌላ ዘይት ማከሌ ነበር። ኮኮቦሎና ሌሎች የዳልበርጊያ ዝርያዎችም ተመሳሳይ ጠባይ አላቸው።

ታዲያ ምን እናድርግ? አንደኛው መንገድ በኦክስጅን ሳይሆን በትነት የሚደርቅ ነገር መቀባት ነው። ሰሙ የወጣለት ሼላክ በአልኮል ተሟሙቶ በስሱ ሲቀባ፣ አልኮሉ ሲተን ይደርቃል፤ ፌኖሉም አያግደውም። ከፈለግን በላዩ ቫርኒሽ መደረብ እንችላለን። ሆኖም ሼላክ ሙቀትና አልኮል አይችልም፤ ለወጥ ቤት ቢላዋ አልመርጠውም።

እኔ የምመርጠው ምንም አለመቀባትን ነው። የእንጨቱ ዘይት ራሱ ይበቃል። በ220 ቁጥር የማለስለሻ ወረቀት ጀምሬ በ400 እና በ800 አልፌ እስከ 1500 እደርሳለሁ፤ በመጨረሻ ጥቂት ሰም አሽቼ በጨርቅ እወለውለዋለሁ። ከ400 በኋላ ማሽን አልጠቀምም፤ ሙቀቱ ዘይቱን ወደ ላይ ይጠራዋል፣ ወረቀቱም ይደፈናል። እባጭ ውስጥ የእንጨቱ ክር በየአቅጣጫው ስለሚዞር፣ የግፊት አቅጣጫን እየለዋወጡ መሥራት ግድ ነው። አንድ ነገር ላስታውስ፦ እንጨቱና ብረቱ አብረው ሲለሰልሱ የብረቱ ጥቁር ብናኝ በቀዳዳዎቹ ይገባል። በእጅ ማሸት ያብሰዋል፤ በአየር ግፊት ማራገፍ ይሻላል።

ማጣበቂያውም እንዲሁ ጥንቃቄ ይሻል። ኢፖክሲ ከመቀባታችን በፊት የእንጨቱን የውስጥ ገጽ በሻካራ ወረቀት እንደ አዲስ መፋቅ፣ ከዚያም ጨርቁ ቀለም ማንሣት እስኪያቆም ድረስ በአሴቶን መጥረግ አለብን። አሴቶኑ እንደ ተነነ ወዲያው ይጣበቅ፤ ለነገ ካሳደርነው ዘይቱ ተመልሶ ይወጣል። አሴቶን እሳት ስለሚስብ መስኮት ይከፈት፣ እሳትም ይራቅ። ብናኙ ሳንባና ቆዳ ስለሚያስቆጣ ያለ መተንፈሻ ጭንብል አትጀምሩ።

ይህን እጀታ በመጨረሻ አራቱንም ቅቦች ፍቄ አስወገድሁለት። በፍቁ ከአንድ ሚሊሜትር በላይ ቀጥኗል፤ ስትይዙት ከመዳፋችሁ ሲያንስ ይሰማችኋል። አሁን በየረድፉ ይዙርላችሁ፤ ስለቱ ተሸፍኗል።