«እናቴን ምን አድርጋህ ነው የቆራረጥካት?»

ዛሬ የማወጋችሁ በገዛ ቤቴ ስለደረሰብኝ ጉድ ነው።

አንድ ማታ ላፕቶፔን ምግብ ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ ስሠራ እናቴ ቡና ይዛልኝ መጣች። ስክሪኑን ስታይ ስኒው ከእጇ ሊወድቅ! የሟች አያቴ ጭንቅላት ለብቻው፣ ክንዶቿ ለየብቻቸው፣ አፏ ደግሞ አምስት ቦታ ተደርድሮ...

«አንተ ልጅ! እናቴን ምን አድርጋህ ነው የቆራረጥካት?»

አያቴ ካረፈች ገና ዓመት አልሞላም። እናቴ አለቀሰች። እኔም ቡናውን ሳልጠጣው ቀዘቀዘ።

ነገሩ ምን መሰላችሁ... አያቴ በሕይወት ሳለች አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በረንዳ ላይ አስቀምጬ በእስክሪብቶ ስያታለሁ። ያኔውኑ ተረት ስትነግረኝ በስልኬ ቀዳኋት። 1 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ነው። ከድምጿ የቀረን ይኸው ብቻ! ታዲያ «ለሙት ዓመቷ ሥዕሏ ራሷ ተረቱን ብታወራስ?» የሚል ሐሳብ መጣልኝ።

ሐሳቡ ቀላል ነው፤ ሥራው ነው ጉዱ። ፊልም በሰከንድ 24 ምስል ይፈልጋል። ለ100 ሰከንድ 2400 መሆኑ ነው። አንዱን ሥዕል ለሁለት ሁለት ምስል ብታቆዩት እንኳ 1200 ሥዕል! ቀን ቢሮ የሚውል ሰው ይህን በየት በኩል ይጨርሳል? ስለዚህ ሥዕሉን አንዴ ስሎ፣ በየመጋጠሚያው ቆራርጦ፣ ቁራጮቹን ማንቀሳቀስ ነው። «ከትአውት አኒሜሽን» የሚሉት ይኼንን ነው።

አዲስ ነገር እንዳይመስላችሁ። ጀርመናዊቷ ሎተ ራይኒገር ጥቁር ካርቶን በመቀስ እየቆረጠች፣ በሽቦ እያጋጠመች፣ «የልዑል አህመድ ጀብዱዎች»ን እ.ኤ.አ. በ1926 ለእይታ አብቅታለች። ሦስት ዓመት ገደማ ፈጅቶባታል። «ሳውዝ ፓርክ»ም እ.ኤ.አ. በ1997 በቴሌቪዥን ሲጀምር የመጀመሪያው ክፍል የተሠራው በተቆረጠ ወረቀት ነበር፤ ወደ ኮምፒዩተር የዞሩት ከዚያ በኋላ ነው።

ዛሬ መቀሱም ሽቦውም ኮምፒዩተር ውስጥ ገብቷል። «ሞሆ» እና «ቱን ቡም ሃርመኒ» የሚባሉት ፕሮግራሞች ገንዘብ ይጠይቃሉ። እኔ ኪሴን አየሁና «ኦፐንቱንዝ»ን መረጥኩ። የጃፓኑ ጂብሊ ስቱዲዮ ይጠቀምበት ከነበረው «ቱንዝ» የተወለደ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ በነፃ ይገኛል።

እናላችሁ፣ ሥዕሉን በስካነር አስገባሁና ክንዷን ልክ ትከሻዋ ላይ በመስመሩ ቆረጥኩት። ክንዷን ከፍ ሳደርግላት ትከሻዋ ላይ ነጭ ቀዳዳ ቦግ አለ! ወረቀት ላይ ሥዕል የሚያልቀው ዓይን በሚያየው ቦታ ነው። እዚህ ግን የተሸፈነውም መሳል አለበት። የክንዱ ጫፍ ክብ ሆኖ በነጠላው ሥር ዘለቅ ማለት አለበት፤ አንገቱም እንዲሁ በአገጩ ሥር። ስለዚህ የጎደለውን ሁሉ በዚያችው ዓይነት እስክሪብቶ ሌላ ወረቀት ላይ ስዬ እንደገና አስገባሁ። ኮምፒዩተር ላይ ብሞላውማ የእጄ መስመር መንቀጥቀጡ ይጠፋና ጥፍጥፍ ሆኖ ያስታውቃል።

ከዚያ እያንዳንዱ ቁራጭ የየራሱን ሌየር ይይዛል። መዳፉን ከክንዱ፣ ክንዱን ከደረቱ ታስሩታላችሁ፤ ደረቱ ሲዞር ሁሉም ይከተለዋል። እኔ 19 ቁራጭ በቃኝ። ስለ አፍ ከጠየቃችሁኝ «ማ» እና «ባ» ሲባል ከንፈር ይገጥማል፣ «ፋ» ላይ አይገጥምም፣ «ኦ» ላይ ይሞጠሙጣል። አምስቱን አፍ እየቀያየራችሁ ከድምፁ ጋር ማስኬድ ነው። (ለካ እናቴን ያስደነገጣት ይኼው ሰልፍ ነበር!)

የባሰው ስህተቴ ሌላ ነው። መንቀሳቀስ የሚችለውን ሁሉ አንቀሳቀስኩታ! ጭንቅላቷ ይወዛወዛል፣ እጆቿ ይወራጫሉ... እስክስታ የምትወርድ እንጂ ተረት የምታወራ አትመስልም። ፕሮግራሙ በሁለት አቋቋም መካከል ያለውን እንቅስቃሴ ራሱ ይሞላዋል፤ ግን ከዳር እስከ ዳር እኩል ካስኬዳችሁት እንደ ግድግዳ ሰዓት ይሆናል። ሰው ደግሞ ሲጀምር ቀስ፣ መሀል ላይ ፈጠን፣ ከዚያ ቆም ይላል። አያቴማ ተረት ስታወራ ቁጭ ብላ ዓይኗን ነበር የምታርገበግበው። ብዙውን እንቅስቃሴ አጠፋሁት። የዓይኗን ሽፋንና ቀኝ እጇን ብቻ ተውኩላት።

መሀል ላይ መብራት ሄዶ፣ የላፕቶፑም ባትሪ የሞተ ስለሆነ፣ የሁለት ማታ ሥራ ጠፍቶብኛል። በየአሥር ደቂቃው ሴቭ አድርጉ፣ አደራ።

እናቴ ለሳምንት ያህል አኩርፋኝ ሰነበተች። በመጨረሻ እጇን ይዤ ግድግዳው ላይ ወደተሰቀለው ሥዕል ወሰድኳትና «እማዬ፣ ይኸው፣ ወረቀቱን አልነካሁትም፤ የቆረጥኩት ኮፒውን ነው» አልኳት። ከዚያ አስቀምጬ ከፈትኩላት።

አያቴ ዓይኗን ከደነች፣ ገለጠች። «ተረት ተረት» አለች።

እናቴ እጇን አፏ ላይ ጫነች። አላለቀሰችም። እስከ መጨረሻው አየችና፣

«ነጠላዋን በዚህ በኩል አትጥለውም ነበር» አለችኝ።

«አስተካክለዋለሁ።»

«እጇም ወፍሯል።»

«እሺ እማዬ።»

«በል ከመጀመሪያው ድገመው። ድምፁን ደግሞ ከፍ አርገው።»