ለድስት የማይሆነው ድንች

ልደታ ኮንዶሚኒየም አካባቢ ካሉት ጉሊቶች ድንች የምትገዛ ሴት መደቡን አገላብጣ ሳታይ ገንዘብ አታወጣም። «እናቴ፣ ይሄን ፀሐይ የመታውን አንሺልኝ» ትላለች፤ አረንጓዴው ይነሳል። የጎነቆለው ይከተላል። የእንቁላል ያህል የሆነው ትንሹ ደግሞ ለመላጥ ስለሚያሰለች ለብቻው ተቆልሎ በርካሽ ይሸጣል። ገዢዋ ልክ ናት። ድንች ብርሃን ሲያገኘው አረንጓዴ ይሆናል፤ ከዚሁ ጋር ሶላኒን የሚባለው መራራ መርዝ ልጣጩ ውስጥ ይበዛል። እንዲህ ያለ ድንች ለልጅ ቀቅለው አይሰጡትም።

ከልደታ በጦር ኃይሎች፣ በኮልፌና በአስኮ አድርጎ በአምቦ መንገድ ወደ ሆለታ የሚወጣ ሰው ግን ይህንኑ የተጣለ መልክ በክብር ተደርድሮ ያገኘዋል። ለዘር የሚዘጋጅ ድንች ትንሽ፣ አረንጓዴና የጎነቆለ እንዲሆን ይፈለጋል። ጉሊት ላይ በቸልታ የመጣውን መልክ የዘር እርሻው ቀን ቆጥሮ ነው የሚያመጣው። ሆኖም መልኩ ብቻ ዘር አያደርገውም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ከጉሊት የተረፈውን ጎንቋላ ድንች ጓሮው ቀብሮ ምርት ይጠብቃል።

ድንች ሲተከል የሚቀበረው ፍሬው አይደለም፤ አፈር ውስጥ ያበጠው ግንዱ ራሱ ነው። ስለዚህ የሚበቅለው የእናቱ ግልባጭ ይሆናል። እናቱ ውስጥ የነበረውን ቫይረስና ባክቴሪያም አብሮ ይወርሳል። ገበሬ «ዘሩ አረጀ» የሚለው ይህ ክምችት በየዓመቱ ምርቱን ሲቀንስበት ነው። የሚፈለገው የዘር መጠን ደግሞ ከባድ ነው። ለአንድ ሄክታር ጤፍ ከ50 ኪሎ ያነሰ ዘር ይበቃል፤ ለድንች ግን 20 ኩንታል ያህል ያስፈልጋል። በረድፎች መካከል 75፣ በተክሎች መካከል 30 ሴንቲ ሜትር ተተወ ማለት በሄክታር ከ44,000 በላይ ድንች አንድ በአንድ ይቀመጣል ማለት ነው።

ድንችን ወደ ኢትዮጵያ ያስገባው ጀርመናዊው የዕፀዋት ተመራማሪ ቪልሄልም ሺምፐር እንደሆነ ይነገራል፤ ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1858 አካባቢ ነው። በዘመናችን የዘሩ ምንጭ በዋናነት የሆለታ ግብርና ምርምር ማዕከል ነው። ጃለኔ፣ ጉደኔና በለጠ የሚባሉት ዝርያዎች የወጡት ከዚያ ነው፤ በአማራ ክልል ያለው የአዴት ማዕከል ደግሞ ዘንገናንና ጓሳን አውጥቷል። በለጠ እ.ኤ.አ. በ2009 ሲለቀቅ በምርምር ማሳ በሄክታር ከ40 ቶን በላይ የሰጠ ዝርያ ነው። ሆለታ ውስጥ ንጹሕ ችግኝ በቲሹ ካልቸር ይባዛል፤ ሥሩ በጨለማ ሣጥን ውስጥ ተንጠልጥሎ ውኃና ምግብ እንደ ጉም እየተረጨለት ትንንሽ ድንች ያፈራል። ያ ትንሽ ድንች ማሳ ላይ እየተባዛ እንደ ጀልዱ ባሉ የምዕራብ ሸዋ ደጋዎች ለሚገኙ ዘር አብዢ ገበሬዎች ይደርሳል። ደጋ የተመረጠው ያለ ነገር አይደለም፤ ቫይረስ የሚያዛምቱት ክሽክሾች ብርድ አይወዱም።

ብዙ ገበሬ ትልልቁን ለገበያ አውጥቶ ትንንሹን ለዘር ያስቀራል። የኑሮ ጉዳይ ነው፤ የሚፈርድበት የለም። ችግሩ ድንች የሚያንስበት ምክንያት ሁለት መሆኑ ነው። አንድም ጤነኛው ተክል ብዙ አፍርቶ ነው፤ አንድም ተክሉ ታሞ ማወፈር አቅቶት ነው። ከተቆፈረ በኋላ ሁለቱን በዓይን መለየት አይቻልም። ስለዚህ ዘር የሚመረጠው ተክሉ ቆሞ እያለ፣ አበባ ሳይጨርስ ነው። ደህናው ተክል አጠገቡ ካስማ ይተከልለታል፤ ቅጠሉ የተጠቀለለውና የተዥጎረጎረው ከነሥሩ ተነቅሎ ይወጣል።

ከሁሉ የሚፈራው ባክቴሪያ የሚያመጣው የአጠውልግ በሽታ ነው። አፈሩ እርጥብ ሆኖ ሳለ የጠወለገ ተክል ሲገኝ ግንዱ ከሥሩ አጠገብ ይቆረጥና ጫፉ ንጹሕ ውኃ ያለበት ብርጭቆ ውስጥ ነካ ተደርጎ ሳይነቃነቅ ይያዛል። በሽታው ካለ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ከቁራጩ ወተት የመሰለ ቀጭን ክር እየተሳበ ወደ ታች ይወርዳል። ያን ያየ ሰው ከዚያ ማሳ ዘር አያወጣም። በሽታው አፈር ውስጥ ዓመታት ይቆያል፤ ድንች መቁረጫው ቢላ ላይም ይጋባል። አንድን ትልቅ ድንች በየዓይኑ ከፋፍሎ መትከል ዘር ይቆጥባል፤ በእኛ አገር ሁኔታ ግን ሙሉውን መትከል ይሻላል ባይ ነኝ።

ምርት ሊሰበሰብ ሁለት ሳምንት ያህል ሲቀረው ቅጠሉ ይታጨዳል። ልጣጩ አፈር ውስጥ እያለ ይጠነክራል፤ ሲቆፈርና ሲጓጓዝ አይላላጥም። ከዚያ ከ35 እስከ 55 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ለዘር ይለያል።

የተቆፈረ ድንች ሁለት ሦስት ወር ይተኛል። በዚህ ጊዜ ቢተክሉት አፈር ውስጥ ዝም ይላል። የማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ ታጭቆ ጨለማ ቤት የከረመ ድንች ደግሞ ሲነቃ ብርሃን ፍለጋ ነጭ፣ ረጅምና ልፍስፍስ ቀንበጥ ያወጣል፤ ሲነኩት ይቀነጠሳል። ለዚህ ነው የዘር መጋዘን ብርሃን የሚያስገባው። ግድግዳው ክፍትፍት ያለ ርብራብ ወይም ወንፊት ነው፤ ጣሪያው ሣር ሊሆን ይችላል፤ ውስጡ ከዳር እስከ ዳር መደርደሪያ ነው። ድንቹ ከሁለት ሦስት ድርብ በላይ አይከመርም። ፀሐይ በቀጥታ እንዳይመታው፣ ብርሃን ግን ከየአቅጣጫው እንዲደርሰው ይደረጋል። በዚህ ዓይነት ቤት የከረመ ድንች ልጣጩ አረንጓዴ ይሆናል፤ ቀንበጡ አጭር፣ ድንቡሽቡሽ ያለ፣ ወይን ጠጅ የተቀባ ይመስላል። ርዝመቱ ከአንድ እስከ ሁለት ሴንቲ ሜትር ከደረሰ ለተከላ በቅቷል።

ቀድሞ የሚነቃው ጫፍ ላይ ያለው ዓይን ነው፤ እሱ ከነገሠ ሌሎቹ ይታፈናሉ። ያንን የመጀመሪያ ቀንበጥ በእጅ ቀንጥሶ መጣል ሌሎቹን ዓይኖች ያነቃል። ከአንድ ድንች ብዙ ግንድ ሲወጣ ምርቱ በቁጥር ይበዛል፣ በመጠን ያንሳል፤ ዘር አብዢ የሚፈልገውም ይህንኑ ነው።

ሆላንድን በመሳሰሉ አገሮች ያሉ ትልልቅ እርሻዎች ዘሩን በማቀዝቀዣ መጋዘን ከ2 እስከ 4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ውስጥ አስተኝተው፣ ተከላው ሲቃረብ ቀስ በቀስ አሙቀው ያነቁታል። መብራት በሚቆራረጥበትና ነዳጅ ውድ በሆነበት አገር ርብራቡ ቤት ብዙ ወጪ ያድናል። ለሰፊ የንግድ እርሻ ግን መደርደሪያው ቦታ ይፈጃል፤ ድንቹም በራሱ ጊዜ ስለሚነቃ ሥራው ከተከላው ቀን ወደ ኋላ ተቆጥሮ ይጀመራል። በሰኔ ለሚተከል ድንች ዘሩ ቢያንስ ከመጋቢት በፊት ተቆፍሮ መጋዘን መግባት አለበት።

የመጨረሻው ፈተና ዘሩን ወደ ማሳ የሚወስደው ኢሱዙ ላይ ነው። በጥንቃቄ የከረመውን ዘር ማዳበሪያ ውስጥ ጠቅጥቆ፣ ላዩ ላይ ሰው ጭኖ መንዳት የወራት ልፋትን በአንድ ቀን ያጠፋል። በእንጨት ሣጥን የሚያጓጉዝ ገዢ ብዙ አይደለም። ማሳ የደረሰው ዘር ጥላ ሥር ይቀመጣል፤ እርጥበት ባለው ትልም ውስጥ ቀንበጡ ወደ ላይ ሆኖ ይቀመጥና ወዲያው አፈር ይለብሳል። በሦስት ሳምንት ገደማ ረድፉ ካልሞላ ባዶውን ቦታ ጫር አድርጎ ድንቹን ማየት ነው፤ በስብሶ ከተገኘ ጥፋቱ የዘሩ ወይም የውኃው ነው፣ ድንቹ ጤነኛ ሆኖ ቀንበጡ ከተሰበረ ግን የጫኙ ነው።