ግራፊክስ ካርድ ስንገዛ፦ ከጊጋው በፊት ድራይቨሩን እንይ



ውድ የግቢያችን ወንድሞችና እህቶች፣ በዚህ እትም የምናነሳው ጉዳይ በተለይ የመጨረሻ ዓመት ፕሮጀክት ለያዛችሁ፣ ዴስክቶፕ ገዝታችሁ ወይም ገጣጥማችሁ በሊኑክስ ለመሥራት ላሰባችሁ ነው። ግራፊክስ ካርድ ውድ ዕቃ ነው። በሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ ከውጭ የሚገባ ኤሌክትሮኒክስ ለተማሪ ኪስ ይበልጥ ከብዷል። ብዙዎቻችን የምንገዛው ቤተሰብ በላከልን ወይም ለወራት ባጠራቀምነው ገንዘብ ስለሆነ፣ አንዴ ከተሳሳትን ሌላ ለመግዛት አቅም አይኖረንም።

ሱቅ ስንገባ መጀመሪያ የምንጠይቀው «ስንት ጊጋ ነው?» ብለን ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። ለሊኑክስ ተጠቃሚ ግን መቅደም ያለበት «ድራይቨሩ ክፍት ነው ወይስ ዝግ?» የሚለው ነው። ምክንያቱን እንመልከት።

ድራይቨር ምን ይሠራል?

ድራይቨር በኦፕሬቲንግ ሲስተሙና በካርዱ መካከል እንደ አስተርጓሚ የሚሠራ ሶፍትዌር ነው። በሊኑክስ ላይ ሁለት ክፍል አለው። አንዱ በከርነሉ ውስጥ ሆኖ የካርዱን ሚሞሪ፣ ፍጥነትና ሙቀት ይቆጣጠራል። ሌላው ከፕሮግራሞች የሚመጣውን የሥዕል ትእዛዝ ካርዱ ወደሚገባው ቋንቋ ይቀይራል፤ ለክፍት ድራይቨሮች ይህን ሥራ የሚሠራው «ሜሳ» የተባለው ፕሮጀክት ነው። ኦፕን ሶርስ ወይም ክፍት ማለት የሁለቱም ክፍል ሶርስ ኮድ ማንም ሊያነበው፣ ሊያርመውና ሊያባዛው የሚችል ነው ማለት ነው።

ይህ ለእኛ ለምን ይጠቅማል?

አንደኛው ምክንያት ኢንተርኔት ነው። ክፍት ድራይቨር ከከርነሉ ጋር አብሮ ስለሚመጣ ኡቡንቱን ከፍላሽ ስንጭን ካርዱ ያለ ምንም ዳውንሎድ ይሠራል። ዝግ ድራይቨር ግን በመቶዎች የሚቆጠር ሜጋባይት ለብቻው ይወርዳል፤ ከርነሉ በታደሰ ቁጥርም አብሮ መስተካከል አለበት። በመሃል ኔትወርክ ከተቋረጠ ወይም ሁለቱ ካልተስማሙ ኮምፒውተሩ ሲነሳ ጥቁር ስክሪን ብቻ ሊያሳየን ይችላል። ይህ ፕሮጀክት በሚረከብበት ሳምንት ቢደርስ ምን ማለት እንደሆነ አንባቢ ይገባዋል።

ሁለተኛው የካርዱ ዕድሜ ነው። የዝግ ድራይቨር ዕድሜ በኩባንያው ውሳኔ ላይ ይንጠለጠላል። ኢንቪዲያ ለጂቲኤክስ 900 እና 1000 ተከታታይ ካርዶች በሊኑክስ ላይ አዲስ የድራይቨር ትውልድ ማውጣት እንደሚያቆም እ.ኤ.አ. በ2025 አስታውቋል። ባገለገለ ዕቃ ገበያ የሚገኙት ጂቲኤክስ 1050 እና 1060 ከእነዚህ ውስጥ ናቸው። ካርዱ ዛሬ ደህና ቢሠራም፣ የድሮው ድራይቨር አንድ ቀን ከአዲስ ከርነል ጋር መስማማቱን ያቆማል። በአንጻሩ እ.ኤ.አ. በ2012 የወጡት የኤኤምዲ ራዲዮን ኤችዲ 7000 ካርዶች፣ ኮዳቸው ክፍት በመሆኑ ከኩባንያው ውጭ ያሉ ሰዎችም ጭምር እያሻሻሏቸው እስከ ዛሬ ይሠራሉ።

ሦስተኛው ሐቅ ነው። ክፍት ሶፍትዌር ፈቃዱ ራሱ ማባዛትን ስለሚፈቅድ፣ ፍላሹን ለዶርም ጓደኛችን ብንገለብጥለት የማንንም ሐቅ አልነካንም።

አንድ ማሳሰቢያ ግን አለ። ድራይቨሩ ክፍት ነው ማለት ሁሉ ነገር ክፍት ነው ማለት አይደለም። የዛሬ ካርዶች ሲነሱ «ፈርምዌር» የሚባል ትንሽ ዝግ ፋይል ይጭናሉ። ዴቢያን ይህን ፋይል በመጫኛው ውስጥ ማካተት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2023 ከወጣው ዴቢያን 12 ጀምሮ ነው፤ ኡቡንቱ ደግሞ ይዞት ይመጣል።

ሦስቱ ኩባንያዎች

ኤኤምዲ፦ ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2007 የካርዶቹን ቴክኒካዊ ሰነድ መክፈት ጀመረ። «ኤኤምዲጂፒዩ» የተባለው ክፍት ድራይቨር ደግሞ በ2015 ከርነሉ ውስጥ ገባ። ዛሬ በሊኑክስ ላይ ብዙ ሳይቸገሩ ለመሥራት የመጀመሪያው ምርጫ ይህ ነው።

ኢንቴል፦ ድራይቨሮቹ ለረጅም ዓመታት ክፍት ናቸው፤ አርክ የተባሉት ካርዶቹም እንዲሁ። አርክ ኤ380 6 ጊጋ ሚሞሪ ይዞ 75 ዋት ገደማ ብቻ ይወስዳል። ይሁን እንጂ የአርክ ካርዶች በሙሉ አቅማቸው የሚሠሩት ማዘርቦርዱ «ሪሳይዘብል ባር» የተባለውን አሠራር ሲደግፍ ነው። ከውጭ አገልግለው የሚመጡ የቆዩ የቢሮ ዴስክቶፖች ብዙዎቹ ይህ የላቸውም። ስለዚህ አርክ ለአዲስ ማዘርቦርድ እንጂ ለአሮጌ አይመከርም።

ኢንቪዲያ፦ ለዓመታት ዝግ ሆኖ ቆይቷል። በጎ ፈቃደኞች «ኑቮ» የተባለ ክፍት ድራይቨር ቢሠሩም፣ ከጂቲኤክስ 900 ጀምሮ ካርዱ የኩባንያው ፊርማ ያለበትን ፈርምዌር ብቻ ስለሚቀበል ፍጥነቱን ከፍ ማድረግ አልቻሉም። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2022 ኩባንያው የከርነሉን ክፍል ከጂቲኤክስ 16 እና ከአርቲኤክስ 20 ተከታታይ ጀምሮ ላሉት ካርዶች ከፈተ። ሆኖም ኩዳን የያዘው ሌላው ክፍል አሁንም ዝግ ነው። በሜሳ ውስጥ ለእነዚሁ ካርዶች «ኤንቪኬ» የሚባል ክፍት አማራጭ እያደገ ነው።

ሥራችሁ ምንድን ነው?

ኮድ ለመጻፍ፣ በኪውጂአይኤስ ካርታ ለመሥራት፣ በፍሪካድ ለመንደፍ ወይም ቪዲዮ ለማቀናበር ከሆነ መካከለኛ የኤኤምዲ ካርድ ይበቃል።

በብሌንደር ሦስት አውታረ መጠን ሥዕል ለምትሠሩ ልዩነት አለ። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው አርኤክስ 580 ሥዕሉን በስክሪን ላይ ጥሩ አድርጎ ያንቀሳቅሳል፤ ነገር ግን የብሌንደር ሳይክልስ የመጨረሻውን ምስል ሲያወጣ አይጠቀምበትም፣ ሸክሙ ሁሉ በፕሮሰሰሩ ላይ ይወድቃል። አርኤክስ 6600 ግን የኤኤምዲ ተጨማሪ ሶፍትዌር ከተጫነለት ለዚህም ይሠራል።

ማሽን ለርኒንግ ለምታጠኑ እውነቱን መናገር ይገባል፦ አብዛኛው ትምህርትና ኮድ የተጻፈው በኩዳ ነው። የኤኤምዲው አማራጭ «ሮክኤም» በይፋ የሚደግፋቸው የቤት ካርዶች ጥቂት ናቸው። ስለዚህ ሥራችሁ ይህ ከሆነ ቢያንስ አርቲኤክስ 20 ተከታታይ ይዛችሁ ክፍቱን የከርነል ክፍል መጠቀም ይሻላል። ለክፍል ፕሮጀክት ብቻ ከሆነ ደግሞ ካርድ ከመግዛታችሁ በፊት እንደ ኮላብና ካግል ያሉትን ነፃ አገልግሎቶች ሞክሩ።

አውቶካድ፣ ሬቪት ወይም ሶሊድወርክስ የግድ የሚያስፈልጋችሁ የሲቪል፣ የአርክቴክቸርና የሜካኒካል ተማሪዎች፣ እነዚህ ፕሮግራሞች ለሊኑክስ አልተሠሩም። ለእናንተ የድራይቨሩ ክፍት መሆን የመጀመሪያ መመዘኛ አይደለም።

ኤሌክትሪክ፣ ሙቀትና አቧራ

ያገለገሉ የቢሮ ዴስክቶፖች ፓወር ሰፕላይ ብዙ ጊዜ ከ300 ዋት አይበልጥም፤ ለግራፊክስ ካርድ የሚሆን ተጨማሪ የኃይል ገመድም ላይኖረው ይችላል። አርኤክስ 580 ብቻውን እስከ 185 ዋት ይወስዳል፤ አርኤክስ 6600 ግን 132 ዋት ነው። ገመድ ለሌለው ኮምፒውተር 53 ዋት የሚወስደው አርኤክስ 6400 አለ፤ ነገር ግን 4 ጊጋ ብቻ ነው፣ ቪዲዮ በሃርድዌር አይቀዳም፣ በአሮጌ ማዘርቦርድ ላይም ፍጥነቱ ይቀንሳል።

የአዳማ ነፋስ የኃይል ማመንጫ የሚያንቀሳቅስ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። ነፋሱ የሚያመጣው አቧራ ግን በካርዱ ማራገቢያ ውስጥ ይከማቻል። በሞጆም ሆነ በባቱ ያላችሁ ይህን ታውቁታላችሁ። በየሁለትና ሦስት ወሩ ኮምፒውተሩን ከኤሌክትሪክ ነቅላችሁ በብሩሽ አጽዱት። መብራት በድንገት ጠፍቶ በኃይል ሲመለስ ካርዱንም ሌላውንም ዕቃ ሊጎዳ ስለሚችል፣ ከበጀቱ ላይ ለዩፒኤስ ወይም ለስታቢላይዘር የሚሆን ቀንሱ።

ያገለገለ ካርድ ስትገዙ

እ.ኤ.አ. እስከ መስከረም 2022 ድረስ ኢተሪየም የተባለው ዲጂታል ገንዘብ በግራፊክስ ካርድ ይመረት ነበር። ያ ሲቆም ሌሊትና ቀን ሲሠሩ የኖሩ ብዙ ካርዶች፣ በተለይ አርኤክስ 570 እና 580፣ ወደ ዓለም ገበያ ፈሰሱ። አንዳንዶቹ ውስጣዊ ፕሮግራማቸው ተቀይሯል። «580» ተብለው የሚሸጡ ግን 2304 ሳይሆን 2048 ማስሊያ ክፍል ብቻ ያላቸው፣ በአቅም ከ570 ጋር እኩል የሆኑም አሉ። የድሮ ካርድ ስሙ ተቀይሮ አዲስ መስሎ የሚሸጥበትም ጊዜ አለ።

ስለዚህ ኡቡንቱ ያለበትን ፍላሽ ይዛችሁ ሂዱ። ሻጩ ኮምፒውተሩን ከፍላሹ እንዲያስነሳላችሁ ጠይቁ። በሴቲንግ ውስጥ ስለ ኮምፒውተሩ በሚገልጸው ገጽ ላይ የካርዱ ስም መታየት አለበት። በምትኩ «ኤልኤልቪኤምፓይፕ» የሚል ከመጣ፣ ካርዱ እየሠራ አይደለም፣ ሥዕሉን የሚስለው ፕሮሰሰሩ ነው ማለት ነው። ከዚያ ሃያ ደቂቃ ያህል ከባድ ሥራ አሠሩት፤ ስክሪኑ ላይ ነጠብጣብ ወይም መስመር ካለ፣ ማራገቢያው ከጮኸ ወይም ኮምፒውተሩ ከጠፋ ተዉት። የመመለሻ ቀኑን በደረሰኝ ላይ አስጽፉ። ከአዳማ አዲስ አበባ መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ለተበላሸ ካርድ መመላለስ በራሱ ወጪ ነው።

እኛም ተመርቀን ስንሸጥ ሐላፊነቱ በእኛ ላይ ነው። የዕቃን ነውር ደብቆ መሸጥ በዲናችን የተከለከለ ነው፤ የፊቅህ ሊቃውንትም ነውር ያገኘበት ገዢ ዕቃውን የመመለስ መብት እንዳለው «ኺያሩል ዐይብ» በሚለው ርእስ ያስተምራሉ። ካርዱ ተጠግኖ ወይም ለማይኒንግ ውሎ ከሆነ ለሚገዛው ተማሪ ተናግረን እንሽጥ።

በአጭሩ፦ ለአብዛኞቻችን አርኤክስ 6600 ተመጣጣኝ ምርጫ ነው። በጀቱ ካነሰና ፓወር ሰፕላዩ ከቻለ፣ ተፈትኖ የተገኘ አርኤክስ 580 ለጥቂት ዓመታት ያገለግላል። አዲስ ማዘርቦርድ ላላችሁ አርክ አለ፤ ኩዳ ግድ ለሆነባችሁ አርቲኤክስ። ከመክፈላችሁ በፊት ሥራችሁን፣ ድራይቨሩንና ዋቱን በወረቀት ጽፋችሁ አመሳክሩ።

አላህ ጠቃሚ ዕውቀትና በረካ ያለው ሪዝቅ ይስጠን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ።