የቴሜሬር ክብርና የመርከበኞቿ ላብ

እንግሊዛዊው ሠዓሊ ዊሊያም ተርነር እ.ኤ.አ. በ1839 ለሕዝብ ያሳየው «ተዋጊዋ ቴሜሬር» በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከተሣሉት የባሕር ሥዕሎች ስማቸው ከገነነው አንዱ ነው። ነጣ ያለች ግዙፍ የጦር መርከብ በአንዲት ጥቁር የእንፋሎት ጀልባ እየተጎተተች ወደምትፈርስበት ስፍራ ስትሄድ ያሳያል። ፀሐይ እየጠለቀች ነው፤ የጀልባዋ ጭስ ማውጫ እሳት የቀላቀለ ጭስ ይተፋል።

ቴሜሬር 98 መድፍ የታጠቀች የእንግሊዝ የጦር መርከብ ነበረች። በ1805 በትራፋልጋር የባሕር ውጊያ ለእንግሊዙ አዛዥ ለአድሚራል ኔልሰን መርከብ ደርሳላት ሁለት የፈረንሳይ መርከቦችን ማርካለች። ይህን ሁሉ ለማድረግ ከ700 በላይ ሰው ያስፈልጋት ነበር። ሸራ የሚወጥረው፣ መድፍ የሚገፋው፣ ወደ ውስጥ የሰረገውን ውሃ የሚያስወጣው ሁሉ የሰው ክንድ ነው። በዚያ ዘመን ብዙ መርከበኛ ወዶ አልገባም፤ የባሕር ኃይሉ በጦርነት ጊዜ ከወደብ ከተሞችና ከንግድ መርከቦች ላይ ሰው ያፍስ ነበር። አፈሳን የሚያውቅ አንባቢ ነገሩ ወዲያው ይገባዋል።

ከትራፋልጋር ቀደም ብሎ፣ በ1801 መገባደጃ፣ ከፈረንሳይ ጋር የሰላም ስምምነት ተፈረመ። የቴሜሬር መርከበኞች ወደ ቤታችን ልንመለስ ነው ብለው ሲጠብቁ ወደ ካሪቢያን ሊላኩ መሆኑን ሰሙ። አየርላንድ፣ ባንትሪ የባሕር ወሽመጥ ላይ እንዳሉ «አንሄድም» ብለው አመፁ። ጦር ፍርድ ቤት ቀረቡ፤ በርካቶቹም ተሰቀሉ። ሥዕሉ ስለ እነዚህ ሰዎች ምንም አይነግረንም። የዘመኑ የባሕር ሥዕል ድሉን ለመርከቧና ለአዛዡ ሰጥቶ ጉልበቱን ከመርከቧ ሆድ ውስጥ ይተወዋል።

በ1838 መርከቧ ከሺርነስ ወደብ ወደምትፈርስበት የለንደኑ ሮዘርሃይዝ ስትጎተት ምሰሶዎቿና መድፎቿ አስቀድመው ተነቅለው ነበር፤ የጎተቷትም ሁለት ጀልባዎች ናቸው። ተርነር ምሰሶዎቿን መለሰላት፤ ጎታቿንም አንዲት ብቻ አደረጋት። ክብሯን ሊያድስላት የፈለገ ይመስላል። እኔን ግን ይበልጥ የምትይዘኝ ጥቁሯ ጀልባ ናት። ያ ጭስ የሚወጣው ከታች፣ እሳቱ ፊት ቆሞ የድንጋይ ከሰል በአካፋ የሚጨምር ሰው ስላለ ነው።

መርከቧን በ5,530 ፓውንድ የገዛት ጆን ቢትሰን የተባለ ነጋዴ ነበር። ሠራተኞቹ ሳንቃዋን እየነቀሉ በታተኗት፤ ከእንጨቷ የተሠሩ ወንበሮች ዛሬም በሮዘርሃይዝ ቅድስት ማርያም ቤተ ክርስቲያን አሉ።

ሥዕሉ የሚገኘው ለንደን፣ ትራፋልጋር አደባባይ ባለው ብሔራዊ የሥዕል ሙዚየም ነው፤ መግቢያው ነፃ ነው። እዚያ ያላችሁ ሄዳችሁ እዩት፤ ከነጯ መርከብ በፊትም ጥቁሯን ጀልባ አስተውሏት።